የማን ቤት ሻይ

ናጃህ ሰይዶን የሰደበው የዛሬ አራት ዓመት፣ በአረፋ ማግስት፣ ከዙህር ሶላት መልስ፣ ያኔ ገና የቀለም ሽታው ባልወጣለት አዲሱ ቤቱ ሳሎን ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በመጡ ሁለት የጨርቅ ነጋዴዎች ፊት ነው። ሰይዶ የያዘው ቀኑን ብቻ አይደለም፤ ማን የት ተቀምጦ እንደነበር፣ መጋረጃው ምን ቀለም እንደነበረ፣ ናጃህ በየትኛው እጁ ጥርሱን ይጎረጉር እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል። የናጃህ ሚስት ሃፊዛ ትሪ ይዛ መጥታ «በቅመም ነው በወተት? ከርከዴም አለ፣ ለውዝም አለ» እያለች ስትዞር፣ አንደኛው ነጋዴ «ቅርንፉዱ በርከት ያለበት» አለ፤ ሌላው «ስኳር የሌለው፣ በሎሚ» አለ። ተራው ሲደርሰው ሰይዶ «ያው ሻይ ስጪኝ» አላት። ጥፋቱ ይኸው ነው። ናጃህ ስንጥሩን ከአፉ አወጣና «ለሱ ስኳሩን አብዢለት እንጂ የፈላ ውሃም ብትሰጪው አይለየውም፤ ምላሱን መናኸሪያ አስቀምጦ ነው የመጣው» አለ። ነጋዴዎቹ ሳቁ፤ ይሳቁ፣ ነገ የማያያቸው ሰዎች ናቸው። ሃፊዛም ሳቀች፤ ባሏ ሲቀልድ ምን ታድርግ። ሃሊማም ሳቀች። የገዛ ሚስቱ፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ናጃህ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሺ፣ ወንድም ነው። ሰይዶስ ምኗ ነው?

ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ከፊቷ ቀድሞ ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ሲደርሱ ቁልፉን እንደያዘ ዞር ብሎ «ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ የናጃህ ሻይ በከንፈሬ አያልፍም» አለ። ሃሊማ «ተው አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ለዚህ የአላህ ስም አይጠራም» ብትለውም ቃሉ አንዴ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ኢድ ሲሆን ይሄዳል፣ የታመመ ሲኖር ይሄዳል፤ ብቻ ከማድ ቤት የብርጭቆ ድምፅ ሲሰማ «መኪና እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ይነሳል። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ስለሆነ ሰበቡ ያስኬዳል፤ የእንሴኖም ሆነ የወልቂጤ መኪና ያለሱ ፊሽካ ንቅንቅ አይልም። መሐላውን የምታውቀው ሃሊማ ብቻ ናት፤ እሷም አንስታው አታውቅም። በሁለቱ መካከል እንደ ተሰበረ ወንበር፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ማንም አውጥቶ ሳይጥለው ኖረ።

ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ ሴት ልጁን ሩፋይዳን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከወልቂጤ ይመጣሉ። የሚያገባት ዑመይር የሚባል፣ አታት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ ነው ይላሉ፣ ሩፋይዳም ስሙ ሲነሳ ስልኳን በደረቷ ትገለብጣለች። በልጁስ ሰይዶ ቅሬታ የለውም። ቅሬታው ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ናጃህ ቤት መሆኑ ላይ ነው። ሃሊማ ሳታማክረው ወሰነች። «የኛ ቤት ለስንት ሰው ይበቃል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ኮርኒሱ ላይ የዝናቡ ውሃ ቡናማ ካርታ ስሏል፣ ሶፋው ላይ የለበሰው ጨርቅ ሲነሳ ሽቦው ሰው ይወጋል። እውነቷን መሆኑ ነው ይበልጥ ያንገበገበው። በዚያ ላይ በእነ ሃሊማ ዘመዶች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ልጅ ሲጠየቅ አባት በአፉ «ሰጥቻለሁ» አይልም። ሻይ ይመርጣል። የመረጠውን ልጅቷ ራሷ ትቀዳለታለች፤ ከጠጣ ሰጠ ማለት ነው፣ ሽማግሌዎቹም ከዚያው ዓይነት ተቀድቶላቸው አብረው ይጠጣሉ። ብርጭቆውን ሳይቀምስ ካስቀመጠ ግን ነገሩ አበቃ፤ እንግዶቹ ጫማቸውን አድርገው በመጡበት መኪና ይመለሳሉ። እንግዲህ የናጃህን ሻይ ከጠጣ መሐላው ፈረሰ፤ ካልጠጣ የልጁ ትዳር ፈረሰ። ለመሐላ ማካካሻ እንዳለው ያውቃል፣ ድሃ ያበላል ወይ ይጾማል። ከአላህ ጋር በዚህ ይታረቅ ነበር፤ ለናጃህ መሸነፉን ግን በምን ጾም ያካክሰዋል? በዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ሌላ ትንሽ፣ ለሰው የማትነገር ፍርሃት ነበረችበት፤ በዚያ ሳሎን ውስጥ፣ በናጃህ ፊት፣ «ይህን ስጡኝ» ብሎ መምረጥ አለበት።

ከማለዳው ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎታል። ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግቢው ቧንቧ ይመላለሳል። ሃሊማ መሬት ላይ ብርድ ልብስ ዘርግታ የሩፋይዳን ቀሚስ እየተኮሰች ስኳር ኪሎው የት እንደደረሰ፣ ሃፊዛ ለዛሬ ብቻ ስንት ኪሎ እንዳስመጣች፣ ዝንጅብል እንኳ እንደ ሥጋ መወደዱን ታወራለች። እሱ አይሰማትም። ያቀረበችለትን ሻይ ግማሹን ጠጥቶ መስኮቱ ላይ ረስቶታል። ሩፋይዳ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ የትኛውን ሻይ እንደምትመርጥ አስበሃል? ለሃፊዛ ልደውልላት፤ ድንገት እንዳይሆንባት።»

«ሻይ ሻይ ነው። ምን ይታሰብበታል?»

«ኧረ አባዬ! ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሐጂ ሙባሪክ እኮ በሻይ ቀልድ አያውቁም አሉ። ሰውን የሚለኩት በሻዩ ነው ብሎኛል ዑመይር።»

ሃሊማ ካውያውን ከቀሚሱ ላይ አንስታ በአየር ላይ ያዘችው። ባሏን አላየችም፤ ግድግዳውን ነው ያየችው። ሰይዶ ያ ሳቅ ትከሻዋ ላይ ዳግመኛ የሚመጣ መስሎት ጠበቀ። አልመጣም። ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ወጣ።

እግሩ የሚያውቀው መንገድ አንድ ነውና መናኸሪያ ወሰደው። እዚያ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ላስቲክ ወጥራ ሻይ የምትሸጥ ዘርፈሽዋል የምትባል ሴት አለች፤ አስተማሪ ባሏን ተከትላ ከወሎ መጥታ፣ እሱ ሲሞት እዚሁ ቡታጅራ የቀረች። ሰይዶ ለዓመታት ሻዩን የጠጣው ከእሷ ነው፤ ቆሞ፣ ፊሽካውን በአንድ እጁ ይዞ፣ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪጠጋ፣ በሦስት ጉንጭ። ሻይ ለሱ ሙቀትና ስኳር ነበር። ሲቀመጥ ስታየው ዘርፈሽዋል ገረማት።

«ዛሬ እረፍትህ አይደለም እንዴ ጋሽ ሰይዶ?»

«ሻይ ስጪኝ። ስኳር አታድርጊ።»

«ውይ፣ ሐኪም ቤት ሄደህ ነበር?»

«ስኳር አታድርጊ ነው ያልኩሽ። ከዚያ ደግሞ ሌላም ስጪኝ፤ ያለሽን ሁሉ፣ በየዓይነቱ።»

«በየዓይነቱ? ኧረ እኔ ምግብ ቤት አልከፈትኩም!» ብላ ሳቀች፤ እሱ ግን እንዳልሳቀ ስታይ በራዷን አነሳች። በትንንሽ ብርጭቆ፣ ግማሽ ግማሽ እያደረገች ደረደረችለት። ሰይዶ በመጀመሪያ ግራና ቀኝ አየ፤ ሾፌሮቹ ወደ እሱ የሚያዩ መሰለው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ቀረፋው ስኳር ሳይኖርበት የጣፈጠ መሰለው፤ ከዋጠው በኋላ ምላሱ ሥር ቆየ። ቅርንፉዱ ድዱን አደንዝዞ ጥርሱን ያመመውን ክረምት አስታወሰው። ለውዙ ሻይ ነኝ ይላል እንጂ አጥሚት ነው፤ ከንፈር ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጦስኙ ተራራ ላይ የቆመ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ይመስላል። ቡናና ሻይ የተቀላቀለበትን ስፕሪስ ግን ጠላው፤ ሁለት መኪና አንድ ተራ ይዘው ሲጣሉ ማለት ነው። ዝንጅብሉን መጨረሻ ላይ ቀመሰ። ዝንጅብሉ ጉሮሮውን ይዞ አቃጠለው፣ ደረቱ ድረስ ወረደ፣ ግንባሩን አላበው። ይህንን ማንም ሰው፣ ተኝቶም ቢሆን፣ ይለየዋል። ደግሞ ጠጣ። መኪኖቹ ይጮሃሉ፣ ረዳቶቹ «እንሴኖ፣ እንሴኖ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ፣ እሱ ግን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንፋሎቱን ፊቱ ላይ ያሳርፋል። ለጥቂት ጊዜ ናጃህ የሚባል ሰው መኖሩን ረሳ።

«አይ ጋሽ ሰይዶ» አለች ዘርፈሽዋል በራሷ ነገር እየተገረመች፣ «እኔ እኮ ይኸን ሁሉ ዓመት ሻይ የምሸጥልህ መስሎኝ ነበር። ለካ ስኳር ነው የሸጥኩልህ።»

በክፋት አላለችውም። እሱ ግን ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ ቋ አድርጎ አስቀመጠ፤ ሒሳቡን ከነመልሱ ትቶላት ተነሳ። ከሰፈር እስከ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ እስከ ሰፈር፣ ሰዉ ሁሉ ተማክሮ የሚሰድበው መሰለው።

ቤት ሲገባ ሩፋይዳ ለብሳ ተቀምጣለች። «ዝንጅብል» አላት። ፊቷ ፈካና ስልኳን ይዛ ወደ ግቢ ሮጠች። ሃሊማ ይህን ጊዜ ነው በሩን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ሥር ካለው ዘንቢል ፔርሙዛቸውን ያወጣችው፤ ያ ቀይ አበባ ያለበት፣ ቡታጅራ ውስጥ ያልገባበት ቤት የሌለው ፔርሙዝ ነው።

«የራሳችን ሻይ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «የራሳችን ቅጠል፣ የራሳችን ውሃ፣ ከራሳችን እሳት ላይ የወረደ። የምትመርጠውን እስክታመጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ አሁን ዝንጅብል እጨምርበታለሁ። ሩፋይዳ ከዚህ ትቀዳልሃለች። ቃልህም አይፈርስም፣ ልጅቷም አትቀርም።»

«ለሃፊዛ ምን ትያታለሽ?»

«ስኳር አለበት፣ ሻዩ የሚፈላው ለብቻው ነው እላታለሁ።»

«በሽተኛ አደረግሽኝ?»

«ከሞኝ በሽተኛ አይሻልም?» አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች።  አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሰይዶ «አመሰግናለሁ» ማለት ፈልጎ ነበር፤ አፉ ላይ የመጣው ግን «ክዳኑን በደንብ ግጠሚው» የሚል ሆነ።

ናጃህ ቤት ሳሎኑ ምንጣፍ በምንጣፍ ሆኗል። ሐጂ ሙባሪክ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ደርሰው፣ ቁጭ በሉ እስኪባሉ በራፉ ላይ ቆመዋል። «አሰላሙ አለይኩም፣ ልጅ ልንሰጥ ልጅ ልንቀበል መጥተናል» አሉ። ናጃህ ከሁሉ ቀድሞ መለሰ፤ ስለ መንገዱ ጠየቀ፣ ስለ ወልቂጤ ቤት ኪራይ ጠየቀ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራ፣ ሽማግሌዎቹን ሙቀት አለ ብርድ አለ እያለ አገላበጠ። ሰይዶ ዋናው ቦታ ላይ ተቀምጦ በሰው ቤት እንዳለ እንግዳ ጉልበቱን ያያል። ሐጂ ሙባሪክ ወገናቸውን ቆጥረው፣ ልጁን አመስግነው፣ ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ ሃፊዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ምን ይቅረብልህ?»

«ዝንጅብል» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ፤ መናኸሪያ ያለ መሰለው። ሐጂ ሙባሪክ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው «ማሻአላህ፣ ጥሩ መረጥክ» አሉ። ሰይዶ ናጃህን ሰረቅ አድርጎ አየው፤ ናጃህ ስልኩን እያየ ነው። ሩፋይዳ ፔርሙዙን ይዛ ገባች። ቀይ አበባ አለበት። ተንበርክካ፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ቀዳችለት። ከኋላዋ ሃፊዛ ለሽማግሌዎቹ የሚቀዳውን ይዛ ቆማለች፤ እሷም የያዘችው ቀይ አበባ ያለበት ፔርሙዝ ነው።

ሰይዶ ቀና ብሎ ወደ መጋረጃው አየ። ሃሊማ እዚያ ቆማለች። ዓይኗ ከአንዱ ፔርሙዝ ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ። ወደ ማድ ቤት ተሰወረች፤ ወዲያው ደግሞ መጣች፤ እጇ ሻሿን ይዟል። ፊቷ ላይ ያነበበው ነገር ግልጽ ነበር፤ የትኛው የማን እንደሆነ አታውቅም። ሩፋይዳ ስለ መሐላው የምታውቀው ነገር የላትም፤ ለሃፊዛ ደውላ «ዝንጅብል» ብላታለች፣ ሃፊዛም አፍልታ በራሷ ፔርሙዝ አድርጋለች፤ ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልጅቷ በድንጋጤ እጇ የገባውን አንስታለች። አሁን በእጁ ያለው ብርጭቆ ወይ የሚስቱ ነው፣ ወይ የናጃህ ነው።

ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ዝንጅብል ነው። ይህ እንኳ አልጠፋውም። ግን የማን ዝንጅብል ነው? የሃሊማ ሻይ ምን ምን እንደሚል ለማስታወስ ሞከረ። ፀጉሯ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በየጠዋቱ አቅርባለታለች፤ በየጠዋቱ ጠጥቶ ወጥቷል። ቀረፋ ታደርጋለች? ሄል ታደርጋለች? ቅጠሉን ከውሃው ጋር ነው የምትጨምረው ወይስ ከፈላ በኋላ? ዛሬ ጠዋት እንኳ መስኮቱ ላይ ትቶት የወጣው ሻይ ምን እንደሚል አያውቅም።  ሃሊማ መጋረጃው ሥር ቆማ አሁን ፔርሙዙን ሳይሆን እሱን ታያለች፤ እሱ እንዲነግራት የምትጠብቅ መሰለው። አንተ ታውቀዋለህ፣ የኔን ሻይ አታጣውም የምትለው መሰለው። አራት ዓመት ሙሉ በናጃህ ሲናደድ በዚህች ሴት ፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም ነበር።

 ከሽማግሌዎቹ አንዱ እግሩን ሰበሰበ። ሌላው ወደ ጫማዎቹ፣ ወደ በሩ፣ አየ። ሩፋይዳ ፔርሙዙን ይዛ እንደተንበረከከች ናት።

«ደህና ነው ሰይዶ?» አሉ ሐጂ ሙባሪክ በለሆሳስ።

«ጠጣ እንጂ ሰውዬ፣ ሰዎቹ መንገደኞች ናቸው» አለ ናጃህ።

ሰይዶ የሚያየው የልጁን ማጅራት ነበር፤ ጠዋት ታጥቦ በጥድፊያ የተጎነጎነ ፀጉር፣ ከሻሿ ያፈተለከች አንዲት ዘለላ። ቢስሚላህ አለና ጠጣ። በሦስት ጉንጭ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ፣ እስከ አተላው። ዝንጅብሉ እንደ ጠዋቱ አላንገበገበውም፤ ሥሩ ሌላ ነገር ነበረው፣ ለስላሳ፣ ሙቀቱን ይዞ የሚወርድ፣ ስሙን የማያውቀው። ከጠጣው ሻይ ሁሉ ይህን የመሰለ የለም። ይህ ነው ይበልጥ የቆጨው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ ሙባሪክ፤ ሃፊዛ ለሁሉም ቀዳች፤ ከማድ ቤት እልልታው ፈነዳ፤ ሩፋይዳ ተነስታ የአባቷን ትከሻ ሳመችና ፊቷን ሸፍና ወጣች። ዱዓው ተደረገ። ናጃህ ከአሚኑ በኋላ ወደ ሲሚንቶው ተመለሰ።

ሰይዶ አየር ለመቀበል ወደ ግቢው ወጣ። ሃሊማ ባዶ ትሪ ይዛ ተከተለችው።

«የኛው ነው» አለችው ቶሎ ብላ።

«በምን አወቅሽ?»

«አወቅኩ።»

«ቀመስሽው?»

ትሪውን ወደ ጎኗ አስደገፈች።  «ግባና ከሰዎቹ ጋር ተቀመጥ» ብላው ሄደች። ከአረማመዷ ምንም ሊያነብ አልቻለም። እውነቷን ከሆነ የሚስቱን ሻይ እንደ ባዕድ ጠጥቷል፤ ዋሽታ ከሆነ ደግሞ ለሱ ብላ ዋሽታለች፤ በየትኛውም በኩል ባለዕዳ አደረገችው። ተመልሶ መቀመጥ አልቻለም። ጫማው ከደረጃው ሥር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሲፈልገው ናጃህ ከኋላው መጣ። እጁ ስንጥር የለበትም፤ ፊቱም ቀልድ የለበትም።

«ሰይዶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሃፊዛ አሁን ማድ ቤት ውስጥ ምን አለችኝ መሰለህ፤ ‹ሰይዶ ቤታችን ሻይ ሲጠጣ ካየሁ ዓመታት አለፉ፣ ዛሬ ገና ነው› አለችኝ። እኔ አላስተዋልኩም ነበር። ወላሂ አላስተዋልኩም።» ቀረብ አለና ድምፁን ቀነሰ። «አስቀይሜህ ነበር? ምን ብዬህ ነው?»

ሰይዶ ቀና አለ። እያስመሰለ እንደሆነ ፊቱን መረመረው፤ አያስመስልም። ሰውየው ረስቶታል። የአረፋ ማግስቱን፣ ነጋዴዎቹን፣ ሳቁን፣ ሁሉንም፣ እንደ በላው ምሳ ረስቶታል። ሰይዶ ለአራት ዓመት፣ መኪና ሲያሰልፍ፣ ሶላት ሲቆም፣ ጎኑን ሲገለብጥ ያዘጋጃቸው መልሶች ነበሩት፤ አንዳንዶቹ ረጅም፣ አንዳንዶቹ አንድ ቃል ብቻ፣ ሁሉም የሚቆርጡ። አሁን ሁሉም አፉ ውስጥ ነበሩ። ግን አንዳቸውም ብቻቸውን አይቆሙም፤ ከእያንዳንዳቸው በፊት ያችን ዓረፍተ ነገር፣ ናጃህ ያላትን፣ እንዳለ በራሱ አፍ መናገር አለበት። የፈላ ውሃም ብትሰጡኝ አልለየውም ብለኸኛል ማለት አለበት፤ ዛሬ፣ የዝንጅብሉ ሙቀት ገና ጉሮሮው ላይ እያለ።

«ንገረኝ እንጂ» አለ ናጃህ። «ወንድሜ አይደለህም?»

ሰይዶ አንዱን ጫማ አጠለቀ፣ ሌላውን ተረከዙን ረግጦ አደረገው፣ የግቢውን ብረት በር ገፋና ወደ አስፋልቱ ወጣ። ባለ ባጃጁ «የት ነው ጋሼ?» ብሎ አቀዘቀዘለት። ሰይዶ አልፎት ሄደ።